ሳይጠፋ ለሰው ሁሉ አድርሱ

ሙያዬ መነጽር መሥራት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ዐይን ስለካ «የዚህስ ችግሩ ዐይኑ አይደለም» ያልኩበት ቀን ብዙ ነው፤ ግን አፌን ይዤ ሌንሴን ሰጥቼ እሸኛለሁ። ያለፈው ቅዳሜ ግን አፍ ተይዞ የሚታለፍ አልነበረም፤ የሆነውን ሁሉ ሳይቀዘቅዝ ልጽፈው ተቀምጫለሁ።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ መጀመሪያ የመጣችው የእህቴ ልጅ ናት። ዐይኗ ቀልቷል። ሥራዋን ሲጠይቋት «ቢሮ ነው» ብላ ታልፋለች፤ እኛ ቤተሰቦቿ ግን እናውቃለን። ሰው በማኅበራዊ ሚዲያ የለጠፈው ጽሑፍና ቪዲዮ «ይኼ ሰው ግደሉ ይላል፣ ይኼ ቤት አቃጥሉ ይላል» ተብሎ ሪፖርት ሲደረግ፣ እሷና ጓደኞቿ አንድ በአንድ እያዩ ይቆይ ወይም ይነሳ ብለው ይወስናሉ። ለአንዱ የሚሰጣት ጊዜ አርባ ሴኮንድ ነው። እኔ አንዲት ብሎን ለማጥበቅ ከዚያ በላይ ይፈጅብኛል። ከሐሙስ ጀምሮ ፊደል እየደበዘዘብኝ ነው አለችኝ፤ ምን እያየች እንደሆነ ግን አልነገረችኝም። ስለ ሥራዋ እንዳታወራ ፈርማለች። ያንን ከባዱን የመለኪያ ፍሬም አፍንጫዋ ላይ ጭኜ የፊደል ሰሌዳውን እያስነበብኳት ሳለ በሩ ተከፈተ።

ዳይሬክተሩ ናቸው። በእኛ ሰፈር «ዳይሬክተሩ» ከተባለ ሌላ ሰው የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ትምህርት ቤት መርተው ጡረታ የወጡ፣ እኔን ጨምሮ የሰፈሩን ግማሽ ጆሮውን ይዘው ያሳደጉ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ይዘዋል። ረቡዕ ዕለት ወንበር ላይ አስቀምጠውት ራሳቸው ተቀምጠውበታል፤ አንዱ እግሩ ተገንጥሎ ሌላኛው ተጣሟል።

ሦስት ቀን በግምት ነው የኖርኩት አሉኝ። በትልቁ ካልተጻፈ በስተቀር አይታያቸውም። ዛሬ ጠዋትም ጎረቤታቸውን የመብራት ምሰሶ መስሏቸው ዝም ብለው አልፈው፣ ምሰሶውን እንደምን አደርክ ብለውታል። ሳቅን። እኔም ከአሮጌ ፍሬም የሚስማማ እግር ልፈልግላቸው መሳቢያዬን ማገላበጥ ጀመርኩ።

እየጠበቁ ዝም አይሉም፤ የዳይሬክተርነት አመል ነው። ስለ ገጻቸው አነሱ። የቀድሞ ተማሪዎቻቸው የከፈቱላቸው ገጽ አላቸው፤ ሃምሳ ሁለት ሺህ ሰው ይከተላቸዋል። ተማሪዎቹ በየተመረቁበት ዓመት ተከፋፍለው ለየዓመቱ አንድ ተጠሪ አላቸው፤ ተጠሪው ደግሞ የሁሉንም ስልክ ይይዛል። ዳይሬክተሩ አስተያየት ለጻፈ ሁሉ ይመልሳሉ። ሰላምታ የማይመልስ ዳይሬክተር ልጆቹ ምን ይማሩበታል ይላሉ። «አመሰግናለሁ ልጄ» ነው መልሳቸው፤ ስልኩም ለምዶት «አ» ብለው ሲጀምሩ ራሱ ይጨርስላቸዋል።

ወዲያው ፊታቸው ተለወጠ። ይግባኝ እንድጽፍላቸው ነው ለካ ዋናው አመጣጣቸው። ሐሙስ ዕለት አንድ ባለጌ ልጅ የለጠፈው ቪዲዮ አጋጠማቸው። ልጁ በቪዲዮው ከወንዙ ማዶ መጥተው በከተማው የሚኖሩትን ሰዎች ይሳደባል፤ ሥራችንን ወሰዱ፣ እንጀራችንን ነጠቁ ይላል። ከዚያ የአንድ ዳቦ ጋጋሪ ስም ይጠራና «ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ዳቦ ቤቱ በር ላይ እንገናኝ፤ ይለይለት» ብሎ ይጨርሳል። ዳይሬክተሩ ደማቸው ፈላ። ቪዲዮውን ወስደው ከላዩ ላይ በቀይ ፊደል ውግዘት ጽፈው በገጻቸው ለጠፉት። በሌላ አካውንታቸውም ደገሙት፤ እሱን ዛሬ ጠዋት አነሱባቸው። ተማሪዎቻቸውንም «ሳይጠፋ ለሰው ሁሉ አድርሱ» ብለው አዘዙ። አሁን የተናደዱት ክፉውን ትተው እኔን ይቀጣሉ ብለው ነው።

እኔ በልቤ «እውነታቸውን ነው» እያልኩ ነበር። ዘወር ስል ግን የእህቴ ልጅ ያን ከባድ ፍሬም እንዳጠለቀች ከወንበሩ ተነሥታ ቆማለች። ሁለት ዓይነት ሌንስ ውስጥ አንድ ዐይኗ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ ሆኖ ይታያል። በሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እፈርስ ነበር።

«ጋሼ፣ በቀይ የጻፉበት እርስዎ ነዎት?» አለቻቸው። «‹ይህ የክፉ ሰው ቃል ነው፤ ልጆቼ፣ እንዲህ አትሁኑ› የሚለውን?»

«እኔ ነኝ። አንቺስ የት አየሽው?»

ከሐሙስ ጀምሮ ምን እያየች ዐይኗ እንደቀላ ያን ጊዜ ገባኝ። ዳይሬክተሩም ቀስ ብለው ገባቸው። መጽሐፍ ሰርቆ የተያዘ ልጅ የሚያዩ መስለው ራሳቸውን ወደ ኋላ ሳቡ።

«አሃ፣ ከሚሰርዙት አንዷ ነሽ በያ።»

አዎ ነኝ አለች። ከዚህ በኋላ የሆነው ክርክር ልብ ብሎ ላዳመጠው ሰው ትምህርት ቤት ነበር። እሳቸው ተቀምጠው፣ እሷ ቆማ፣ እኔ መሐል ላይ ብሎን መፍቻዬን ይዤ።

ዳይሬክተሩ ነገሩን ከሥሩ ጀመሩት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ልጄ። ይኼ ሰው ክፋቱን በጓዳ ቢያወራው ማን ያውቅበት ነበር? እኔ አደባባይ አወጣሁት። ሰው አይቶ እንዲጸየፈው፣ ልጆቼም እንዲነቁ። እናንተ ደግሞ ክፉ ነገር ስታዩ ከምንጣፍ ሥር ትጠርጋላችሁ። ቤቱ የጸዳ ይመስላል እንጂ አልጸዳም።»

«ሐሳብዎን አልነቅፍም ጋሼ፤ ቤት ሲቃጠል ኡ ኡ ማለት ተገቢ ነው። ግን ቁጥሩን ይዩት። ቁጥሩን ደግሞ ከቢሮ አውጥቼ አይደለም የምነግርዎ፤ ቪዲዮው ሥር ለማንም ይታያል። ልጁ ሲለጥፈው ያየው ሰው ሦስት መቶ አይሞላም ነበር። እርስዎ ገጽ ላይ ብቻ ሰማንያ ሰባት ሺህ ሰው አይቶታል። ልጁ በዕድሜ ልኩ የማያገኘውን አዳራሽ ሰበሰቡለት።»

«ከነውግዘቱ እኮ ነው ያዩት።»

«ውግዘቱን የሚያነበው የእርስዎ ተማሪ ነው። የሚፈልገው ሰው የሚያዳምጠው የልጁን ድምፅ ነው።»

ዳይሬክተሩ እጃቸውን አወዛወዙ። ደህና፣ እንግዲያው ማሽን አላችሁ ይባላል፤ ማሽኑ ዋናውን ለምን ከምንጩ አያደርቀውም ብለው ጠየቁ። እሷም ልጁ የለጠፈው ዋናው ሐሙስ ከሰዓት በፊት መነሣቱን ነገረቻቸው። ማሽኑ አንዴ የተነሣን ቪዲዮ መልኩን ይመዘግባል፤ ተመልሶ ሲመጣ ይይዘዋል። ነገር ግን ሰው ከስልክ ስክሪን ላይ በሌላ ስልክ ሲቀርጸው፣ ጠርዙን ሲቆርጠው፣ በቀይ ሲጽፍበት መልኩ ይለወጣል፤ ማሽኑም እንግዳ ይሆንበታል። ያኔ ሰው ያየዋል። የዳይሬክተሩ ተማሪዎች ደግሞ ታዛዦች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ እየቀረጹ፣ እየጻፉበት፣ ሙዚቃ እየጨመሩበት ለጥፈውታል።

«ጋሼ፣ አንድ ልጨምርልዎ። ሕጋችን ‹ለማውገዝ ከተለጠፈ ይቆይ› ይላል። ጥሩ ሕግ ነው፤ አለበለዚያ ጋዜጠኛም፣ አስተማሪም፣ እርስዎም አፋችሁ ይዘጋ ነበር። አርባ ሴኮንድ አለኝ። የእርስዎን ቀይ ጽሑፍ ሳይ ‹የሚያወግዝ ነው› እልና አሳልፋለሁ፤ ዛሬ ጠዋት ያነሣብዎ ባልደረባዬ ጽሑፉን ሳያየው አልፎ ይሆናል። አሁን የልጁ ጓደኞች ይኼን ነቅተውበታል። የእርስዎን ውግዘት እንዳለ ገልብጠው ከላይ ይለጥፉና ይልኩታል። የእርስዎ ቃል የይለፍ ወረቀት ሆኖላቸዋል።»

ዳይሬክተሩ ይህን ሲሰሙ አንገታቸውን ደፉ። እኔ ያወቅኳቸው በተማሪነቴ ነውና፣ አንገታቸውን ሲደፉ ሊሸነፉ ሳይሆን ሊቆጡ እንደሆነ አውቃለሁ። እንደገመትኩትም ሆነ።

«ማን ሾመሽ?» አሏት። «ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬ የምናገረውን ቃል፣ አንዲት የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ በተዘጋ ክፍል ቁጭ ብላ በአርባ ሴኮንድ ይቆይ ይነሳ የምትለው በማን ሥልጣን ነው? ተሳስተሽ አታውቂም?»

የእህቴ ልጅ ፍሬሙን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ትሟገታለች ብዬ ስጠብቅ፣ አልተሟገተችም።

«ተሳስቻለሁ። አንዲት እናት የተገደለ ልጇን አስከሬን ቀርጻ ‹ፍርድ ስጡኝ› ብላ ለጥፋ ነበር። ግፍ የሚያሳይ ነው ብዬ አነሣሁት። ማስረጃዋ እሱ ብቻ ነበር። በይግባኝ ሲመለስ አሥራ አንድ ቀን አልፎታል። ያቺን እናት እስከ ዛሬ አስባታለሁ። ማን ሾመሽ ላሉኝ፣ የሾመኝ አሠሪዬ ብቻ ነው ጋሼ። ከእኔ የተሻለ ሰው ቢቀመጥበት ደስ ይለኛል። እሱም ግን አርባ ሴኮንድ ነው የሚኖረው።»

ዳይሬክተሩ ቁጣቸው የሚያርፍበት አጡና ወደ ሌላው ጫፍ ዞሩ። እንደዚያ ከሆነ የሚያጠራጥረውን ሁሉ ለምን አትሰርዙትም አሉ። እሷም ሁሉ ሲሰረዝ መጀመሪያ የሚጠፉት ያቺ እናትና እርስዎ ናችሁ አለቻቸው። ክፉዎቹ እንደሆነ ነገ በሌላ ስም ይመለሳሉ፤ ሥራቸው እሱ ነው። እናቲቱ ግን ሁለተኛ አትመለስም።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አልኩ እኔ። አላስችል ብሎኝ ነው።

ዳይሬክተሩ ግን ገና አልተረቱም። ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚል አመል አላቸው፤ ከአስተማሪነት የሚመጣ ነው፣ እኔም ትንሽ ትንሽ አለብኝ። ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው በኩራት ወደ እኔ ዘረጉት።

«በል አንተ አንብብላት። ሐሙስ ጠዋት የለጠፍኩት ይኸው አለ፤ አላነሡትም። ሥሩ ሁለት ሺህ አስተያየት ተጽፏል። ለሁሉም መልሻለሁ። ከእኔ ገጽ አይቶ ወደ ክፋት የሄደ አንድ ሰው አሳዩኝና፣ ያኔ ተሸነፍኩ እላለሁ።»

ተቀበልኳቸው። መጀመሪያ ላይ ያሉት ደስ የሚሉ ነበሩ። «ዕድሜ ይስጥልን ጋሼ»፣ «ዛሬም ያስተምሩናል»፣ ሥሩ «አመሰግናለሁ ልጄ»። ወደ ታች ስወርድ ቀልዶች መጡ። ከዚያ ስድብ መጣ፤ ለስድቡም «አመሰግናለሁ ልጄ»። ዳይሬክተሩ ፈገግ እንዳሉ ይጠብቃሉ። ጣቴ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

አንዱ «ዳቦ ቤቱ የት ጋ ነው?» ብሎ ጠይቋል።

ሌላው መልሷል፦ «ከባንኩ ጀርባ፣ አረንጓዴ በር። ቤተሰቡ ከኋላ ነው የሚኖረው።»

ከሥሩ ዳይሬክተሩ «አመሰግናለሁ ልጄ» ብለዋል።

ሦስተኛው ጽፏል፦ «እኔም ቅዳሜ አልቀርም። ጋሼ ይፍቀዱልን።»

ለእሱም «አመሰግናለሁ ልጄ»።

አንብብ ተብዬ የለ፣ ድምፄን ሳልቀንስ አነበብኩት። ዳይሬክተሩ ድገመው አሉኝ። ደገምኩት። ስልኩን ተቀብለው ዐይናቸው ሥር አስጠጉት፤ አፍንጫቸው ስክሪኑን እስኪነካ። አልታያቸውም። ከዚያ ወደ እሷ አቀኑት፤ እሷም ቀስ ብላ ስታነብላቸው ያው ሆነ።

«አላነበብኩትም እኮ» አሉ በመጨረሻ። «መነጽር አልነበረኝም። ዝም ብዬ ሰላምታ መስሎኝ ነው የመለስኩት።»

«አውቃለሁ ጋሼ» አለች። «እሱ ግን አያውቅም።»

እውነቱን ልናገርና፣ ደግነት እንዲህ ሰው ሲያስበላ አይቼ አላውቅም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለዶሮ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። እኚህ ትልቅ ሰው ክፋትን ሊቃወሙ ወጥተው ለክፋት አድራሻ ሰጥተው፣ አመስግነው መርቀው ልከዋል። ዳይሬክተሩ ሰዓቱን ጠየቁኝ። አምስት ሰዓት ተኩል ነው አልኳቸው። ሦስት ሰዓት ተኩል ቀርቷል።

ተነሡ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ግን ደወል የሰማ ተማሪ መሰሉኝ። መጀመሪያ ምን ላድርግ ብለው የጠየቁት እሷን ነው፣ እኔን አይደለም። ትልቅ ሰው ከልጅ ሲጠይቅ ሳይ ልቤ በደስታ ዘለለ። እሷ በአንድ ትንፋሽ ነገረቻቸው። መጀመሪያ ያንን ሁለት ሺህ አስተያየት ፎቶ እናንሣው፣ ለፖሊስ ማስረጃ ነው። ከዚያ ልጥፉ ከገጹ ይነሣ። ከዚያ ተጠሪዎቹ በስልክ ይደወልላቸው፤ በጽሑፍ ሳይሆን በስልክ። ለፖሊስ ጣቢያ እሷ ራሷ ትደውላለች።

ዳይሬክተሩ ልጥፉ እንደተነሣ ሌላ ውግዘት ሊጽፉ ስልኩን ሲያነሡ እጃቸውን ያዘቻቸው። «ቪዲዮውን አያንሱት ጋሼ። የልጁንም ስም አይጥሩት። ስለ ዳቦ ጋጋሪው ይጻፉ።»

ዳይሬክተሩ ስልኩን ዝቅ አደረጉት። ስለ ዳቦ ጋጋሪው ምንም አያውቁም። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ እሱ ሲሟገቱ ኖረው፣ ቤቱ ገብተው አንድ ዳቦ ገዝተው አያውቁም። ይህን ራሳቸው ተናገሩት፤ ጆሯቸው እስኪቀላ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ሰዓት እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። የተገነጠለውን የመነጽር እግር ትቼ ከሌላ ፍሬም ቡናማ እግር ገጠምኩላቸው፤ አንዱ ጥቁር አንዱ ቡናማ ሆኖ አጠለቁት። ሱቄ የስልክ ቤት ሆነ። እሳቸው ለየዓመቱ ተጠሪ እየደወሉ «አንሱት። አዎ፣ እኔ ነኝ ለጥፉ ያልኩት። አሁን እኔው ነኝ አንሱ የምለው» ይላሉ። አንዱ ተጠሪ፣ አሁን ጠበቃ ነው፣ የመናገር ነፃነት እያለ ሊከራከራቸው ሞከረ። ዳቦ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሰዎችም በሕይወት የመኖር ነፃነት አላቸው አሉትና ስልኩን ዘጉበት። የእህቴ ልጅ ወረቀት ላይ ምልክት ታደርጋለች። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ቆጠረች፤ ተማሪዎቹ ከለጠፉት ሁለት መቶ ያህል ቅጂ ውስጥ መቶ ሰማንያው በባለቤቶቹ እጅ ተነሥቷል።

«እኔ ይኼን ለማንሣት ሁለት ቀን ይፈጅብኝ ነበር» አለች። «ጋሼ፣ እኔ የማላየውን ነው እርስዎ ያነሡት።» እንባዋ መጣ፤ ዐይንሽን አትሺው ብዬ ተቆጣኋት፣ ሙያዬ ነው። ቀሪዎቹስ ሲሏት የሚያስተላልፏቸውን እንደማናውቃቸው ነገረቻቸው። ሁሉም አይደረስበትም። የሥራዋ ክፋቱ እሱ ነው፤ ዘጠና ዘጠኙን አንሥተህ አንዱ ያመልጥሃል፣ የሚጠየቅብህም እሱ አንዱ ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ ሱቄን ዘግቼ ሦስታችንም ሄድን። ዳቦ ቤቱ በእርግጥ ከባንኩ ጀርባ ነው፣ በሩም አረንጓዴ ነው። ዳቦ ጋጋሪው ሚስቱንና ልጆቹን ዘመድ ቤት ልኮ ብቻውን ቆይቷል። ሊጥ አቡክቻለሁ፣ ጥዬው ወዴት እሄዳለሁ አለን። ክንዱ እስከ ክርኑ ዱቄት ነው። ከሐሙስ ጀምሮ የማያውቃቸው ሰዎች በሩን ፎቶ ሲያነሡ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ጎረቤት የነገረው ዛሬ ጠዋት ነው። ሁለት ፖሊሶች መጥተው ከመንገዱ ማዶ ቆሙ። ቀስ በቀስም በስልክ የሰሙ የዳይሬክተሩ ተማሪዎች መጡ፤ ሽበት ያበቀሉ፣ ቦርሳ የያዙ፣ አንዷ ልጇን ያዘለች። ሠላሳ ያህል ሆነን በሩ ፊት ቆምን።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሰባት ወጣቶች ከባንኩ ጥግ ዞረው መጡ። የቪዲዮው ባለቤት ከመካከላቸው የለም፤ እንዲህ ያለው ሰው ሌላውን ይልካል እንጂ አይመጣም። ብዙ ሰው ሲያዩ ቆሙ። ከመካከላቸው ቀጭን ረጅም ልጅ ዳይሬክተሩን አየና፣ ፊቱ በርቶ፣ ቀጥ ብሎ ወደ እሳቸው መጣ። ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎም መጡ? አልቀርም ብዬ ስጽፍልዎ አመሰግናለሁ ልጄ ብለው መለሱልኝ እኮ። እኔ እንጃ፣ ልቤ ፈርቶ ነበር፤ እርስዎ ካሉ ግን ብዬ ነው የመጣሁት።»

ሰው ሁሉ ሰማው። ዳቦ ጋጋሪውም ሰማው። ዳይሬክተሩ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ሳላነብ ነው የመለስኩልህ» አሉት። «መነጽሬ ተሰብሮ ነበር፤ ግን መነጽሬ ባይሰበርም አላነበውም ነበር፤ ሁልጊዜም አላነብም። አመሰግናለሁ ያልኩህ ሰላምታ መስሎኝ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው ልጄ። አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ይኼ ሰው ምን አድርጎሃል?»

ልጁ ዳቦ ጋጋሪውን ተመለከተው። «አላውቀውም» አለ።

«እኔም አላውቀውም ነበር» አሉት ዳይሬክተሩ። ከዚያ ወደ ዳቦ ጋጋሪው ዞረው፣ ሠላሳ ተማሪዎቻቸው እያዩ፣ ወገባቸውን ጎንበስ አደረጉ። «ወንድሜ፣ በርዎን ለሰው ያሳየሁት እኔ ነኝ። ልረዳዎ ብዬ ነው፤ ግን ሳልጠይቅዎ፣ ሳላውቅዎ ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

ዳቦ ጋጋሪው የክንዱን ዱቄት አራገፈ። እኔ ይቅር በላቸው እያልኩ በልቤ እጎተጉተው ነበር፤ እሱ ግን ሦስት ቀን በፍርሃት የኖረው ራሱ ነው። በመጨረሻ «ትልቋ ልጄ የፎቶውን ነገር ሰምታ ሌሊቱን አልተኛችም» አለ። «ለእሷ እርስዎ ራስዎ ይንገሯት፤ እኔ ብነግራት ሊያጽናናኝ ነው ትላለች፣ እርስዎን ግን ታምናለች።» ዳይሬክተሩ እሺ አሉ። ቀጭኑ ልጅ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ቆመ። ከጓደኞቹ ሁለቱ እየተሳደቡ ሄዱ፤ አንዱ ድንጋይ አንሥቶ ነበር፤ ፖሊሶቹ ቀረብ ሲሉ ጣለው። የቀሩት አንድ በአንድ ተበተኑ። እርግጠኛ ሆኜ የምናገረው አንድም መስታወት እንዳልተሰበረ ነው።

እዚያው በር ላይ ቆመን ሳለን ዳይሬክተሩ የእህቴን ልጅ ፈልገው መጡ። ተረታሁ አሏት፤ በሕይወታቸው ይህን ቃል ሲሉ የሰማኋቸው የመጀመሪያ ጊዜ ነው። ያኔ እሷ ሱቄ ውስጥ «ምን ይሻላል?» ብዬ የጠየቅኳትን ጥያቄ መለሰችልኝ። ክፉ ነገር ስታዩ አታሰራጩት፣ ለማውገዝም ቢሆን። በዝምታ ሪፖርት አድርጉት። ልትናገሩ ከፈለጋችሁ ስለ ተበዳዩ ተናገሩ፤ ስሙንና ቤቱን ለማያውቅ ሰው ሳትሰጡ። በገጻችሁ ሥር የሚጻፈውን አንብቡ፤ ማንበብ ካልቻላችሁ ዝጉት። «እኔ በተዘጋው ክፍል ውስጥ ሆኜ የቪዲዮውን ድምፅ ብቻ ነው የምሰማው» አለች። «ልጁ ማን እንደሆነ፣ ዳቦ ቤቱ የት እንዳለ፣ ማን ቢደውልለት እንደሚሰማ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ማሽንም እኔም ያለ እናንተ አንችለውም።»

ይኸው እንግዲህ ጥቅሙን ተመልከቱ። ዳይሬክተሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ በገጻቸው ሥር ያለውን አስተያየት ለየዓመቱ ተጠሪዎች አከፋፍለው ያስነብባሉ፤ አድራሻ የጠየቀ፣ ቀጠሮ የያዘ ካለ በሰዓቱ ይነሣል፣ ለሚመለከተውም ይላካል። «ሳይጠፋ ለሰው ሁሉ አድርሱ» የሚለውን ቃል ከገጻቸው አጥፍተውታል። ቀጭኑን ልጅ ደግሞ ሰኞ ዕለት ቤታቸው ጠርተው ሦስት ሰዓት አውርተውታል፤ ያወሩትን ለማንም አልነገሩም፣ እኔም አልጠየቅኩም። የእህቴ ልጅ ያ ቪዲዮ በቀን አራትና አምስት ጊዜ ብቻ ይመጣብኛል አለችኝ፤ ዐይኗም ተሽሏታል። ደግሞ ማን ያውቃል፣ በእነዚያ ባተረፈችው ሴኮንዶች የአንዲት ሌላ እናት ማስረጃ በችኮላ ሳይሰረዝ ቀርቶ ይሆናል። ስለዚህ አንባቢዬ ሆይ፣ ደምህ ሲፈላ ጣትህን ያዝ፤ ክፉን መጥላት አንድ ነገር ነው፣ ክፉን ማሸከም ሌላ ነው።

ዳይሬክተሩ ለዳቦ ጋጋሪው ልጅ የሆነውን ሁሉ በዚያው ቅዳሜ ምሽት ሄደው ነገሯት። እሁድ ጠዋት ዳቦ ቤቱ በሰዓቱ ተከፈተ።